«ሰባቱን ወደ ሦስት አውርጂልኝ»፦ የጡረታና የፕሮቪደንት መዋጮ ይቀየርልኝ የሚል ሠራተኛ ሲመጣ

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ደመወዝ ክፍል ነው የምሠራው። ቤቴ ደሴ ነው፤ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ማታ እወጣለሁ። የሥራ መደቤ የሚለው ፔሮል (የወር ደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ማዘጋጀት ነው። ከወሩ አጋማሽ በኋላ ግን ቀኑን የሚበላብኝ ሌላ ነገር ነው፤ «መዋጮዬን ቀንሺልኝ»፣ «ጨምሪልኝ»፣ «ለጊዜው አቁሚልኝ» የሚል ሰው በር ላይ ይሰለፋል። አዲስ ወደዚህ ሥራ የሚገቡ ልጆች ይህን እንዴት እንደማስተናግድ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ በዝርዝር ልጻፈው አልኩ። የኛ መሥሪያ ቤት ደንብና የናንተ ላይገጥም ይችላል፤ አዋጁ ግን ለሁላችንም ያው ነው።

መጀመሪያ የምጠይቀው «የትኛውን መዋጮ ነው?» ብዬ ነው። ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ ግማሹ ሥራ ግን እዚህ ያልቃል። ሰው «ጡረታዬን» ሲል በሕግ የሚቆረጠውን ማለቱ ሊሆን ይችላል፣ ድርጅቱ ያቋቋመውን ፕሮቪደንት ፈንድ (የሠራተኛ የቁጠባ ፈንድ) ሊሆን ይችላል፣ የሠራተኛውን ቁጠባና ብድር ማኅበርም ሊሆን ይችላል። የቅሬ (የእድር) መዋጮውን ከጡረታው ጋር የሚቀላቅልም አለ። አይፈረድበትም። ስሊፑ (የደመወዝ ዝርዝር ወረቀቱ) ላይ ሁሉም «ተቀናሽ» በሚል ርዕስ ሥር ተደርድሮ ነው የሚደርሰው፣ አንዳንዱ ስሊፕ ደግሞ ቀለሙ ደብዝዞ ቁጥሩ እንኳ አይነበብም። ስለዚህ ያለፈውን ወር ስሊፕ አወጣና በጣቱ እንዲያሳየኝ አደርጋለሁ። በቃል አልተማመንም።

አንድ የሽመና ክፍል ሠራተኛ ገና ከበሩ «ሰባቱን ወደ ሦስት አውርጂልኝ» ብሎ ገባ። ሰባቱ የሕጉ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ፣ አሁን የሚሠራበት ቁጥር 1268/2014፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይላል። በድምሩ 18 ማለት ነው። ይህን እኔ አልቀይረውም፣ ሥራ አስኪያጁ አይቀይረውም፣ ሠራተኛውና ድርጅቱ ተስማምተው ቢፈራረሙም አይቀየርም። «እኔ ራሴ ፈቅጄ?» ይላሉ። ፈቅደህም። ለዚህ ጥያቄ ቅጽ አይሞላም፣ ወደ ኃላፊም አይላክም። «ላስበው፣ ልጠይቅልህ» ማለት ሰውየውን ለሚቀጥለው ወር ደጋግሞ እንዲመላለስ ማድረግ ነው። እዚያው «አይቻልም፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ማለት ይሻላል።

ግን ይቀየራል ብለው የሚያስቡበት ምክንያት እንዳላቸው ይግባችሁ። የቆዩት ሠራተኞች የመጀመሪያውን አዋጅ ያስታውሳሉ፤ 715/2003 ሲጀምር የሠራተኛው ድርሻ 5 በመቶ፣ የአሠሪው 7 ነበር፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ 7 እና 11 ደረሰ። ሲለዋወጥ በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ «ድሮ አምስት አልነበረም እንዴ?» ሲሉኝ «ነበር፣ እውነትህን ነው» እላለሁ። የቀየረው አዋጁ እንጂ ደመወዝ ክፍሉ እንዳልሆነ ከዚያ በኋላ ማስረዳት ቀላል ነው። ትክክለኛውን ትዝታውን ክዳችሁ ከጀመራችሁ ሌላውንም አይሰማችሁም።

ተቃራኒውም ይመጣል። «ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመት ነው የቀረኝ፣ መዋጮዬን ወደ 10 ከፍ አድርጊው፣ አበሌ እንዲጨምር።» ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፉ፣ ጠንቃቃ ሰዎች ናቸው፣ ሐሳባቸውም ከባንክ ቁጠባ አንጻር ትክክል ይመስላል። የመንግሥት የጡረታ አበል ግን እንደዚያ አይሰላም። የሚታየው የአገልግሎት ዘመንና የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 30 በመቶውን ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረለት ይሄዳል፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት የሠራ፣ አማካይ ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ ሰው፣ 30 ሲደመር 25፣ 55 በመቶ፣ ማለትም 4,950 ብር። እዚህ ስሌት ውስጥ «ስንት አዋጣህ» የሚል ቦታ የለም። ወረቀት ላይ ስጽፍላቸው ወዲያው ነው የሚገባቸው።

እንዲያውም እዚህ ላይ ለሠራተኛው የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው። ጡረታ የሚቆረጠው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው፤ ኦቨርታይሙ፣ የትራንስፖርት አበሉ፣ ቦነሱ ውስጥ የለበትም። አንዳንድ ቤት መሠረታዊ ደመወዙን ዝቅ፣ አበሉን ከፍ ያደርጋል። ሠራተኛው በወር የሚይዘው ብር ያው ነው፣ አሠሪው ግን 11 በመቶውን በትንሹ ቁጥር ላይ ይከፍላል፤ ሰውየው ጡረታ ሲወጣ ደግሞ አማካዩ የሚወሰደው ከዚያችው ትንሽ ቁጥር ነው። አበል እንዲያድግለት የሚፈልግ ሰው መቶኛውን ሳይሆን «ቤዚኬ ስንት ተብሎ ነው የተመዘገበው?» ብሎ ይጠይቅ። ሌላው፣ ከአንድ ፋብሪካ ወደ ሌላ የተዛወረ ሰው የቀድሞው አገልግሎቱ አብሮት መቆጠሩን ያረጋግጥ። ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ከጨርቃ ጨርቅ ወደ ብረታ ብረት፣ ከዚያ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እያለ ስለሚዞር የቀድሞው አሠሪ የሞላው መረጃ ካልተገኘ 1.25ቱ በየዓመቱ ዝም ብሎ ይጎድላል። ከመቶኛ ጥያቄ ይልቅ ይህ ነው ሰው የሚያጣበት።

አሁን ወደ ሚቀየረው እንምጣ። ፕሮቪደንት ፈንድ።

ይህ ከጡረታ በተጨማሪ ድርጅቱ በራሱ ደንብ የሚያቋቁመው ነው። ሠራተኛው የፈለገውን ያህል፣ ደንቡ በሚፈቅደው ዝቅተኛና ከፍተኛ መካከል ያዋጣል፣ ድርጅቱም የራሱን ይጨምርለታል። መቶኛው ይቀየራል፤ መቼ፣ በዓመት ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል የሚለው የሚወሰነው በደንቡ ነው። ስለዚህ አዲስ ቤት የገባችሁ ካላችሁ ማንንም ከማስተናገዳችሁ በፊት ደንቡን ፈልጉና አንብቡት። «እዚህ ቤት ልማዱ እንዲህ ነው» የሚላችሁን አትመኑ። ደንቡ ከጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ሳይወጣ ዓመታት የቆየበት ቤት አውቃለሁ፣ ሁሉም በወሬ ነበር የሚሠራው።

በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሐምሌ ላይ፣ መቀየር የሚፈቅዱ ቤቶች አሉ። ለፔሮል ሠራተኛ ምቹ ነው፣ አልክድም። ለሠራተኛው ግን መጥፎ ነው የምለው። ኅዳር ላይ ልጁ የታመመበት ሰው እስከ ሐምሌ መቀነስ አይችልም ስትሉት ከፈንዱ ጭራሽ ልውጣ ይላል፣ አንዴ የወጣ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። በየሩብ ዓመቱ መፍቀድ ሥራው ያን ያህል አይበዛም። በየወሩም ቢሆን ኤክሴል ላይ አንዲት ዓምድ መቀየር ናት።

ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን። ይህ የቢሮክራሲ ፍቅር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው ይላል። ሰባቱ በሕግ ስለሚቆረጥ ፊርማ አያስፈልገውም። ፕሮቪደንቱ ግን በፊርማ ነው። ከ5 ወደ 8 ከፍ ያደረጋችሁበት ወረቀት ከሌለ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ «ማን ጨምሪ አለሽ?» ሲባል መልስ የላችሁም። በቴሌግራም «ሰላም እህቴ ወደ 8 አድርጊልኝ» ብሎ መላክ መልካም ነው፤ እኔም «ደርሶኛል፣ መጥተህ ፈርም» ብዬ እመልሳለሁ፣ እስኪፈርም ድረስ ግን አንዲት ቁጥር አልነካም።

ቅጹ አጭር ይሁን። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ አሁን ያለው መቶኛ፣ አዲሱ መቶኛ፣ ከየትኛው ወር ደመወዝ ጀምሮ፣ ፊርማ፣ ቀን፣ ከታች ደግሞ የተቀበለው ሰው ስምና የተቀበለበት ቀን። አዲሱ መቶኛ በአሃዝም በፊደልም ይጻፍ። «5» ላይ «1» መቀጠል የሰከንድ ሥራ ነው፤ «አምስት» ላይ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሠራተኛ ካለ ከፍ ባለ ድምፅ አነብለታለሁ፣ ሁለት ምስክር ባለበት የጣት አሻራ ያኖራል። ምስክሮቹ አለቃው እንዳይሆኑ እመርጣለሁ። አለቃ ፊት ቆሞ «አልፈልግም» የሚል ሠራተኛ ስንት ነው?

የወሩ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የምንከፍለው፤ በፓርኩ ያሉ የውጭ ድርጅቶች ግን በፈረንጅ ወር የሚሠሩ አሉ። «ከጥቅምት ጀምሮ» እና «ከኦክቶበር ጀምሮ» አንድ አይደለም፤ ከዚያ የመጣ ሠራተኛ በአንዱ እያሰበ በሌላው ይፈርማል። ሁለቱንም ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ሲቀልዱብኝ ደግሞ «ከጳጉሜ ጀምሮ ቀንሺልኝ» የሚሉ አሉ፤ የጳጉሜን ደመወዝ መጀመሪያ አስከፍሉኝና ቅናሹን እናያለን እላቸዋለሁ።

መዝጊያ ቀን ይኑራችሁ፣ በግልጽም ለጥፉት። ፔሮሉ የሚዘጋበትን ቀን አውቃችሁ ከዚያ በፊት የመጣው ለዚህ ወር፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ለሚቀጥለው። ከቀኑ ያለፈውን አንዱን በዘመድ አስገብታችሁ ሌላውን ከመለሳችሁ በሁለተኛው ቀን መላው ፈረቃ ያውቀዋል። ወደ ኋላ ደግሞ አይሠራም፤ «ካለፉት ሦስት ወሮች የተቆረጠብኝን መልሺልኝ» የሚለውን እንደ አዲስ ጥያቄ አትዩት። ፈንዱ ውስጥ የገባ ብር የሚወጣው ደንቡ በሚያዘው መንገድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ።

አሁን ዋናው ሐሳቤ ይህ ነው። መቶኛ እንዲቀየር የሚጠይቅ ሰው በመቶኛ አያስብም፣ በብር ነው የሚያስበው። «8 ፐርሰንት» ሲል በጭንቅላቱ ያለው ቁጥር ሌላ ነው። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ስሊፕ ጎን ለጎን አሳየዋለሁ፤ አንዱ ባለው፣ አንዱ በሚፈልገው። ምክር አልሰጥም፣ «ተው» አልልም፣ «ጎበዝ» አልልም። ቁጥሩን ያየ ሰው የራሱን ውሳኔ ይወስናል፣ ሐሳቡን የሚቀይረውም እዚያችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።

ስሌቱን ላሳያችሁ። መሠረታዊ ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ ሰው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው የገቢ ግብር ማሻሻያ፣ አዋጅ 1395/2017፣ 9,000 ብር ያለበት መደብ 25 በመቶ ነው፣ ከሚመጣው ላይ 850 ይቀነሳል። ግብሩ 1,400 ብር ይመጣል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 630። ፕሮቪደንት 5 በመቶ፣ 450። እጁ የሚገባው 6,520። ወደ 10 በመቶ ልጨምር ካለ ፕሮቪደንቱ 900 ይሆናል፣ እጁ የሚገባው 6,070። ልዩነቱ ሙሉ 450 ነው።

«ሙሉ» ያልኩት በምክንያት ነው። ዩቲዩብ ላይ የሌላ አገር ነገር አይተው «መዋጮ ከጨመርኩ ግብሬ ይቀንሳል» ብለው የሚመጡ ወጣቶች በዝተዋል። እኛ አገር የሠራተኛው መዋጮ ከግብር በፊት አይቀነስም። ግብሩ የሚሰላው በ9,000ው ላይ ነው፣ ጡረታውም ፕሮቪደንቱም ከዚያ በኋላ ነው የሚወጡት። 5 ብታዋጣም 15 ብታዋጣም ግብርህ 1,400 ነው። ይህን ሳያውቅ የጨመረ ሰው በመጀመሪያው ደመወዝ ቀን ተቆጥቶ ይመጣል፣ የሚቆጣውም በእናንተ ነው።

በአሠሪው በኩል ግን ግብር ነገሩ ውስጥ ይገባል። ድርጅቱ ለሠራተኛው የሚያዋጣው ጡረታና ፕሮቪደንት ተደምሮ ከወር ደመወዙ 15 በመቶ እስካላለፈ ከግብር ነፃ ነው። 11ዱ በጡረታ ሄዷል፣ ለፕሮቪደንት የቀረው 4 ነው። ብዙ ቤቶች የድርጅቱን ድርሻ 4 በመቶ ላይ የሚያቆሙት ለዚህ ነው። ደንባችሁ «ሠራተኛው ከፍ ሲያደርግ ድርጅቱም ከፍ ያደርጋል» የሚል ከሆነና የድርጅቱ ድርሻ 5 ቢደርስ፣ ከ15 ያለፈችው 1 በመቶ በሠራተኛው ገቢ ላይ ተደምራ ግብር ይቆረጥባታል። በ9,000 ብር ላይ 90 ብር ናት፣ 22 ብር ከ50 ግብር ታመጣለች። ትንሽ ናት። ግን ስሊፑ ላይ ግብሩ ከጓደኛው በለጠ ብሎ የሚመጣ ሰው አለና መልሱን ቀድማችሁ እወቁ።

ያ ግብር በተቀየረበት በሐምሌ 2017 በደንብ ያየሁት ነገር አለ። በቀድሞው ሰንጠረዥ የ9,000 ብር ግብር 1,745 ነበር፤ አሁን 1,400። ማለትም ማንም ደመወዝ ሳይጨምርለት 345 ብር በወር እጁ ላይ ቀረለት። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይህን ቁጥር ጻፍኩት፣ ከሥሩም «ከ5 ወደ 8 ቢያሳድጉ ተጨማሪው 270 ብር ነው፣ 75 ብሩ ይተርፋል» አልኩ። ማንንም አልጎተጎትኩም። በዚያ ወር ለመጨመር የመጡት ከለመድኩት በዙ። መጨመር የሚቀለው ብሩ እጅ ሳይለምደው በፊት ነው፤ የደመወዝ ጭማሪ ሲኖርም እንዲሁ ነው፤ ደብዳቤው በወጣ ሰሞን ካልቀየሩ ከወር በኋላ ማንም አያነሳውም።

ለመቀነስ የሚመጣው ግን ሌላ ስሜት ይዞ ነው የሚመጣው። ወቅት አለው። መስከረም በትምህርት ቤት ክፍያ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ከዒድና ከገና በፊት፣ የቤት ኪራይ ሲጨምር። እንዲህ ያለውን ሰው «ለምን?» ብላችሁ አትጠይቁ። ገንዘቡ የራሱ ነው። ምክንያት የሚጠይቅ ቅጽ ያለበት ቤት አይቻለሁ፤ ሰው ፊት «ዕዳ አለብኝ» ብሎ መጻፍ ሞት ነው። እኔ የማሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የድርጅቱ ድርሻ ምን እንደሚሆን። ሠራተኛው ወደ ዜሮ ካወረደ ድርጅቱም የሚያቆም ከሆነ፣ በ9,000 ብር ደመወዝ በየወሩ 360 ብር ይቀርበታል። ብዙ ጊዜ ይህን ሲያይ «እንግዲያው ድርጅቱ ሙሉውን እንዲሰጠኝ ዝቅተኛው ስንት ነው?» ይላል። ያን ዝቅተኛ ቁጥር በቃላችሁ ያዙት። ካልፈለገም፣ አብሽር ብዬ ዜሮ እጽፍለታለሁ። በዚያው ግን የሚመለስበትን ወር በቅጹ ላይ መጻፍ ይፈልግ እንደሆነ እጠይቃለሁ። «እስከ ጥር ብቻ» ካለ ሁለቱንም ለውጥ በአንድ ቀን ይፈርማል፣ ጥር ሲደርስ ራሴ እመልሳለሁ። ካልተጻፈ ማንም ትዝ አይለውም።

አንዳንዴ ደግሞ መዋጮው ጉዳዩ አይደለም። የሚፈልገው ብድር ነው። ከፕሮቪደንቱ ቀንሶ ወደ ቁጠባና ብድር ማኅበሩ ሊያዞር ነው፣ ምክንያቱም እዚያ የሚበደረው በቆጠበው መጠን ነው። ይህ ሐሳብ ስህተት የለበትም፤ ግን ማኅበሩ ለመበደር ስንት ወር መቆጠብ እንደሚጠይቅ ቀድሞ ይጠይቅ። ዛሬ አዙሮ በሚቀጥለው ወር ብድር እጠብቃለሁ የሚል ሰው ሁለቱንም ያጣል።

አንድ ሦስተኛውን አትርሱ። ያው አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በድምሩ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይላል። ከላይ ያለው ሰው 10 በመቶ ሲያዋጣ ግብር 1,400፣ ጡረታ 630፣ ፕሮቪደንት 900፣ ድምር 2,930 ነው፤ አንድ ሦስተኛው 3,000። 70 ብር ናት የቀረችው። የማኅበር ቁጠባ ወይም ኮስት ሼሪንግ (የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት ዕዳ) ካለበት አልፏል። እኛ ቤት ለጥንቃቄ ግብሩንም ደምረን ነው የምናየው። ደመወዛቸው ከፍ ያሉት ላይ ግብሩ ብቻውን ወደ ጣሪያው ስለሚጠጋ የእነሱን ጥያቄ እኔ አልወስንም፣ ከስሌቱ ጋር ለፋይናንስ ኃላፊው አስተላልፋለሁ። ዋናው ነገር ኤክሴሉ ላይ ይህን የሚያሳይ ዓምድ ማስገባት ነው፤ ካለፈ ቀይ እንዲሆን።

በመሃል የሚገባ ሰው አለ። የፈረቃ አለቃ የስም ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ «ልጆቹ ሁሉ ወደ 3 ይውረድልን ብለዋል»። ዝርዝሩን አመስግኜ እቀበላለሁ፣ ቅጾቹን ቆጥሬ እሰጠዋለሁ፣ እያንዳንዱ ራሱ እንዲፈርም። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ቅጹን ሞልቶ የማይመልስ ሁሌም ይኖራል፤ እሱ ሲጀመርም አልጠየቀም። የትዳር ጓደኛም ይመጣል። አንዲት እናት ደሴ ድረስ አውቀውኝ፣ ፒያሳ ላይ አስቁመውኝ፣ «ልጄ፣ ባለቤቴ ስንት ነው የሚያስቆርጠው? ደመወዙ አልበረክት አለን» አሉኝ። ሴትዮዋን አከብራለሁ፣ ጭንቀታቸውም ይገባኛል፣ ቁጥሩን ግን አልነግርም። «እትዬ፣ ስሊፑን በየወሩ እሰጠዋለሁ፣ እሱን ይጠይቁት» ነው መልሴ። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል ከጨመራችሁ በሰው ትዳር መሃል ገብታችኋል።

እዚህ አካባቢ ልታስቡበት የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ወለድ። «ወደ 10 ልጨምር ነበር፣ ግን ፈንዱ ወለድ ይይዛል አሉኝ» የሚል ሠራተኛ ብዙ ነው። ይህን እንደ ሰበብ የሚያዩት ኃላፊዎች አሉ፤ አይደለም። የሚያዋጣው ብር ሐላል መሆኑን ማወቅ መብቱ ነው። መፍትሔውም ከባድ አይደለም፤ ባንኮቹ ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው፣ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑም አሉ። የፈንዱ ኮሚቴ ሁለት ሂሳብ ከፍቶ ሠራተኛው ቅጹ ላይ የትኛውን እንደሚመርጥ ምልክት ቢያደርግ ነገሩ ያልቃል። ለመጨመር እንቢ ያሉ የሚመስሉን ሰዎች ብዙዎቹ ይህች ሳጥን ቅጹ ላይ ስላልነበረች ነው።

ከተፈረመ በኋላ ሁለት ነገር ቀርቷል። ቅጂ ለሠራተኛው ስጡት። በእጁ። በ2014 ጦርነቱ ወደዚህ በመጣ ጊዜ ደሴም ኮምቦልቻም ስንት መሥሪያ ቤት ፋይሉ ተዘርፎና ተበትኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ «ስንት በመቶ ነበር የማዋጣው?» የሚለውን መመለስ የተቻለው ቤቱ ያስቀመጣት አሮጌ ስሊፕ ላለችው ሰው ነበር። አሁን እኔ ዋናውን ፋይል ውስጥ፣ አንዱን ለሠራተኛው፣ ፎቶውን ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይም ከቢሮ ውጭም አስቀምጣለሁ። ሠራተኞቹንም ስሊፕ አትጣሉ እላለሁ፣ ሲጋራ መጠቅለያ የሚያደርጉት አሉና።

ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ከወጣ በኋላ የተቀየሩትን ሰዎች ዝርዝር ብቻ አውጥቼ አንድ በአንድ ከቅጹ ጋር አስተያያለሁ። መቶኛው ተቀይሮ ቀመሩ የድሮውን ዓምድ ሲያነብ ይገኛል፣ ወይም የድርጅቱ ድርሻ ሳይቀየር ይቀራል። በፕሮቪደንቱ ላይ ልዩነት ከተገኘ በሚቀጥለው ወር ፔሮል «ማስተካከያ» ብለን ለብቻው በመስመር እናሳያለን፣ ከመደበኛው መዋጮ ጋር አንቀላቅልም፤ ሠራተኛውም ስሊፑን አይቶ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ይገባዋል።

ሥራ ሊለቅ ማስታወቂያ የሰጠ ሠራተኛ የመቶኛ ለውጥ ከጠየቀስ? ይመጣል፤ አንዳንዱ በመጨረሻው ወር ከፍ አድርጎ የድርጅቱን ድርሻ ለማሳደግ፣ አንዳንዱ ለጉዞው ብር እንዲተርፈው ዜሮ ለማድረግ። ደንቡ ካልከለከለ እንደማንኛውም ሰው ቅጹን ይሞላል። ከዚያ ግን የፈንዱን ክፍያ ለማዘጋጀት የባንክ ሂሳብ ቁጥሩን፣ የሚሠራ ስልኩንና የጡረታ መለያ ቁጥሩን የያዘ ወረቀት በዚያው ቀን እቀበለዋለሁ። መልቀቂያውን ይዞ ከሄደ በኋላ ስልኩን ለወጠ ማለት ነው፤ በተለይ ወደ ዓረብ አገር የሄዱትን ማግኘት ከባድ ነው፣ የፈንዱ ብርም ስሙ ላይ ተንጠልጥሎ ይከርማል።